«ሞተች» ነው የሚባለው

ታኅሣሥ 26 ቀን 1989፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። የጫማዬን ማሰሪያ ራሴ አስራለሁ፣ ቁጭ ብዬ ነው እንጂ። ሸሚዜን ራሴ እተኩሳለሁ፤ ባለቤቴ በላይነሽ ካረፈች ወዲህ ማንም ተኩሶልኝ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። ይህን ሁሉ የምነግርህ ለምን መሰለህ ደብተር? ልጄ ጥሩወርቅ ዛሬ ክንዴን ይዛ ደረጃ ላውርድዎት አለችኝ። ተቆጣሁ። እኔ ከባድ መኪና ከነተሳቢው በጣርማ በር ጉም ውስጥ ያወረድኩ ሰው ነኝ። ደረጃ ያቅተኛል?

ትምህርቱ ደህና። የማስተምርበትን ቤት ክለብ ሃውስ ይሉታል፤ የግቢው ተከራይ ሁሉ የጋራ ሳሎን ነው። ምንጣፍ አለው፣ የእሳት ምድጃም አለው፣ ምድጃው የውሸት ነው። ከእኔ በፊት አንድ የተማረ ልጅ ነበር የሚያስተምረው። ሥራ አግኝቶ ሌላ ስቴት ሄደ። ወላጆች ተሰብስበው ማን ይተካው ሲባል እኔ እጄን አወጣሁ። አንዳንዱ ሳቀ። ይሳቅ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢሜ ሸብቶ። ቢሆንም ቆጥሬአለሁ። አማርኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ነው የተወለደው።

ከእኛ በላይ ያለችው ወ/ሮ አስቴር ሁልጊዜ ትፈትነኛለች። አባባ፣ ይኸኛው በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ? ትለኛለች። ሁሉም ያንድ እናት ልጆች ናቸው፣ የመጣውን አስገቢ አልኳት። ሳቀች። ግን ለሰው ስታወራ ሰምቻለሁ፤ ሪቻርድሰን የሚባለው ከተማ አንድ የተማረ ሰው አለ፣ ቅዳሜን እሱ ቢይዝልን እያለች።

ዛሬ «አንተ» እና «እርስዎ» ነበር። ልጆቹ ሁሉ አንተ ነው የሚሉኝ። ዳዊት የሚባለው ወንበር ስቦልኝ፣ ና ቁጭ በል አለኝ። ለአክብሮት እኮ ነው! እንደ ውሻ ጠርቶ አከበረኝ። አስነሥቼ እርስዎ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ አስባልኳቸው። የወ/ሮ አስቴር ልጅ ሜሮን እጇን አወጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ሰው ሆነህ ለምን እንደ ብዙ ሰው ይወራልሃል ነው ጥያቄዋ። ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም፣ ዕድሜው አብሮት ይመጣል አልኳት። አሰበችና ኦኬ አለች። ያመነች አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ገና

ቤ/ክ አድረን መጣን። ብርዱ ጀምሯል። ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ እዚህ አገር የሚያግደው ተራራ የለም፣ ሜዳ ለሜዳ ደርሶ ፊትን በጥፊ ይመታል። ቴሌቪዥኑ በረዶ መጣ እያለ ሕዝቡን ያሸብራል። የልጄ ባል ብርሃኑ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ታክሲ ይነዳል። ከሥራ ሲመለስ ሱቅ ገብቶ፣ ዳቦና ወተት አልቋል አለ። ከበባ የመጣ ይመስል። ሳቅሁ። ደ/ብርሃን ውርጭ ገብሱን አቃጥሎት ሲያድር አይተው ቢሆን ዳቦ አይሻሙም ነበር።

ለእታለም እንድትደውልልኝ ጥሩወርቅን ጠየቅኳት። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፣ ደ/ብርሃን ነው ያለችው። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገች እሷ። እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለኝ። ጢም አውጥቼም ማሙሽ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼም ማሙሽ፣ ሚስት ቀብሬም ማሙሽ። ስልክ ያለው ጎረቤቷ ዘንድ ነው፤ ሄደው ይጠሯታል። ባለፈው ስንነጋገር ሳል ይዟት ነበር፣ ናቀችው።

ጥሩወርቅ ሞከረች። ቆየች። መጥታ መስመሩ አልሄደም አለች። በዓል ነው፣ ሁሉም ይደውላል። እሺ፣ ነገ።

ጥር 1፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 3 ሰ.

ትናንትም አልሄደ። ስልኩም ከሳሎን ተነሥቶ መኝታ ቤታቸው ገብቷል። ለምን ስል ገመዱ ተበላሽቶ ነው አለ ብርሃኑ። እንዴ! የተበላሸ ገመድ መኝታ ቤት ሲገባ ይድናል?

የዚህ ቤት ነገር አላማረኝም ደብተር። ጥሩወርቅ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ምሳው ሽንኩርት የለበትም። ትናንት ከብርሃኑ ጋር ዳማ ተጫወትን፣ አሸነፍኩት። ይህ ሰው ተሸንፎ አያውቅም፤ ቢሸነፍም አያምንም፣ ቆርኪ ሰርቀሃል ብሎ ይሟገታል እንጂ። ትናንት ዝም ብሎ ቆርኪውን ሰበሰበ። ወ/ሮ አስቴርም ሾርባ ይዛ መጣች። ስለ ሐመሩ ሐ አልጠየቀችኝም። አባባ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል አለችና ዓይኗን መሬት ተከለች።

ገባኝ። ትምህርቱን ሊወስዱብኝ ነው። ለሪቻርድሰኑ ሰውዬ ሊሰጡት ተስማምተው፣ ለሽማግሌው ማን ይንገረው እየተባባሉ ነው። ፈሪ ሁሉ! ፊት ለፊት ይንገሩኝ። የምለቅ ግን አይምሰላቸው።

ጥር 2፣ ዓርብ

ዝናብ ይዘንባል፣ መሬት ሲነካ በረዶ ይሆናል። አልዋሽህም፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ዛፉ ከነቅርንጫፉ ብርጭቆ ለብሷል። የሀይዌዩ ድልድይ ሁሉ ተዘጋ። በመስኮት አያለሁ፤ አንድ ፒካፕ ቁልቁል ሲመጣ ፍሬኑ ላይ ቆመበት፣ እንደ እንዝርት ሾረ። ፍሬን አይያዝም አንተ፣ በማርሽ ነው! ብዬ በመስኮት ጮኽኩ። ማን ሰምቶኝ።

ብርሃኑ ታክሲውን አቁሞ ዋለ። ጥሩወርቅ የምትሠራው ሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ነው፤ እሷም ሺፍቷ ቀረ። ሁለቱም ቤት ናቸው። ቤቱ ጠበበን።

ነገ ትምህርት አለ። ልጆቹ እዚሁ ግቢ ናቸው፣ መኪና አያሻቸውም። ጥሩወርቅ አባዬ ነገ ይቅር አለችኝ። አይቀርም አልኩ። ቢቀር ደስ የሚላቸው እነሱ ናቸው።

ጥር 3፣ ቅዳሜ፣ 8 ሰ.

በተራ ልጻፈው።

ጧት እውነተኛው ነጭ በረዶ ወረደ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ። እንዳያንሸራትተኝ ጫማዬ ላይ አሮጌ ካልሲ አጥልቄ ሄድኩ። ስድስት ልጆች መጡ። አንድም አይቀመጥም፣ ሁሉም መስኮቱ ላይ ነው። ይህ የሚወርደው ምን ይባላል አሉኝ። በረዶ። መሬት ላይ የጠጠረውስ? በረዶ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውስ? በረዶ። እንደ ጠጠር ከሰማይ የሚወድቀውስ? እሱም በረዶ። ተንከተከቱ። አማርኛ ቃል አለቀበት አለ ዳዊት። አላለቀበትም አልኩ። ውርጭ አለ። አመዳይ አለ። ቁር አለ። ቆፈን አለ። ቆፈን የቱ ነው አለ። ጣትህ አልታዘዝህም ሲልህ ነው አልኩት። ወደደው። ቆፈን ቆፈን እያለ ዞረ።

ከዚያ ያለፈ ጊዜ። ወንድ ከሆነ ሄደ፣ ሴት ከሆነች ሄደች። እነሱ ዘንድ ሁሉም ሄደ ነው፤ እናትም ሄደ፣ ድመትም ሄደ። እያንዳንድህ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በል አልኩ። በረዶ ወደቀ። ጎበዝ። ማሚ መኪና ነዳ። ነዳች! አስደገምኩ። ሜሮን ዛሬ ኋላ ነው የተቀመጠችው፣ ኮቷንም አላወለቀች። ተራዋ ሲደርስ ተነሣችና፣ እህትህ ሞተ አለች።

እህት ሴት ናት አልኳት። «ሞተ» አይባልም፤ «ሞተች» ነው የሚባለው። በሉ ሁላችሁም። ሁሉም ባንድ ድምፅ ጮኹ፣ እህትህ ሞተች። እኔው በእጄ እየመታሁ አስባልኳቸው። እህቴ ሞተች። እህትህ ሞተች። እህቷ ሞተች። ጥሩ፣ አሁን ጻፉት አልኩ። ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሜሮን አልጻፈችም። ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያንተ አለች። ምኑ ነው የእኔ? ያንተ እህት። ማሚ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሶሪ አባባ።

«ያንተ» አይባልም፣ «የእርስዎ» ነው አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ልጅቱ ቀስ ብላ አስተካከለችው። የእርስዎ እህት ሞተች አለች። አንድ ስሕተት የለበትም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኩ፣ ሽንኩርቱ፣ ቆርኪው፣ ሾርባው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ገባኝ።

ትክክል ነው፣ ቁጭ በይ አልኳት። ሌሎቹ አልሰሙም፤ እርሳስ እየነከሱ ይጽፋሉ። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አስተማርኩ። ደብተር አረምኩ። በሁሉም ላይ እህቴ ሞተች ይላል፣ በትልልቅ በተንጋደደ ፊደል። አንዱ ላይ «ች» ጎድላ ነበር፣ ጨመርኩባት። ወንበሩን መለስኩ። በሩን ቆለፍኩ።

እታለም።

ጥር 4፣ እሑድ

ቤ/ክ የለም፣ መንገዱ መስታወት ነው። ሦስታችን አንድ ሳሎን ውስጥ ተፋጠናል። እነሱ የማላውቅ መስሏቸዋል። እኔ የሚያውቁትን አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑ ብቻ ያወራል።

ወጉን አልነቅፍም። ሰው ሞቶበት እንዲሁ በመንገድ አይነገረውም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ ተኪዶ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ ነው መርዶ የሚነገረው። እኔ ራሴ ስንቱን አርድቻለሁ! በዕድራችን ማን ይሂድ ሲባል እኔ ነበርኩ የምላከው። ቃሉን አውቃለሁ። ሰውየው ሊወድቅ ሲል የቱ ጋ እንደሚያዝ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አላውቅም ነበር ደብተር። መርዶ ነጋሪው ሳይመጣ ያወቀ ሰው ቀኑን እንዴት ነው የሚውለው? ምን ይበላል? ፊቱን ምን ያደርገዋል?

በላይነሽ ብትኖር አንድ ሌሊት አታሳድርብኝም ነበር። ሆዷ ነገር አይችልም።

አውቄአለሁ ብዬ እንዳልገላገል፣ ማን ነገረዎት ይሉኛል። ልጅቱን ልጥራ? አስቴር ቆዳዋን ትገፍፋታለች። ሽማግሌ ቀድማ ያረዳች ልጅ ተብላ ስም ይወጣላታል፤ እዚህ ያለው አበሻ ደግሞ ስም ካወጣ አወጣ ነው። ስምንት ዓመቷ እኮ ነው። በምታውቀው ቋንቋ አዘነችልኝ፣ ይኸው ነው ጥፋቷ።

ምሳ በላሁ። እንዳይጠረጥሩ ጨምሪልኝም አልኩ።

ጥር 5፣ ሰኞ

መጮህ አለብኝ። እህት ሞታ እንዲህ ተቀምጦ አይዋልም። በዚህ ቤት ደግሞ ግድግዳው ካርቶን ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥሰው ይማርህ የምለው እኔ ነኝ።

ልብስ ላጥብ ብዬ ቅርጫት ያዝኩ። ጥሩወርቅ ብድግ አለች። አባዬ ይወድቃሉ፣ እኔ ልሂድ። የራሴን ልብስ የማጥበው ራሴ ነኝ አልኳት። እውነትም ነው። ሎንደሪው ከግቢው ጥግ ነው። ሰው ሁሉ ቤት ስለ ዋለ ማድረቂያው ማሽን ሁሉ ይሽከረከራል። ይሞቃል፣ ይጮኻል፣ ዳገት እንደያዘ ሞተር። ልብሴን ከተትኩ። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። እታለም አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አሳዳጊዬ። ማሙሽ ብሎ የሚጠራኝን ወሰድሽው አልኩ። ደረቴን መታሁ። ማሽኑ ድምፄን ዋጠው።

አንዲት የሜክሲኮ ሴት ጥግ ላይ አንሶላ ታጥፍ ኖሯል። አላየኋትም። ስትሰማኝ ቆይታለች። አልጠየቀችኝም፤ በምን ቋንቋ ትጠይቀኝ። ማሽኖቹ አንድ ባንድ እየጨረሱ ዝም ማለት ጀመሩ፣ የኔ ድምፅ ሊወጣ ነው። ሴትየዋ ተነሣች። የራሷን ልብስ አውጥታ ባዶውን ማሽን ዘጋችና ሳንቲም አስገብታ አስነሣችው። ቀጥሎ ያለውንም። አንሶላዋን ይዛ፣ ሳታየኝ ወጣች።

ሁለት ባዶ ማሽን ስለ እታለም ሲጮህ ዋለ።

ጥር 7፣ ረቡዕ

በረዶው ላላ። ከጣራው ይንጠባጠባል። ዛሬስ ይመጣሉ ብዬ ጎህ ሳይቀድ ሸሚዝ ለብሼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።

ብርሃኑ መኝታ ቤት ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ፣ ድምፁ ዝግ ያለ መስሎት። አቶ ኃይሉን ነው። አቶ ኃይሉ የእዚህ አገር ዕድራችን ሰብሳቢ ነው፣ ፎርት ዎርዝ ነው የሚኖረው። መንገዱ ቢከፈትም ከጥምቀት በኋላ ይሁን አለው። በዓሉን አናበላሽባቸው ማለቴ ነው። ኦኬ። ኦኬ አቶ ኃይሉ።

ከጥምቀት በኋላ! በዓሌን ሊያተርፉልኝ! ጫማዬን አንሥቼ ልወረውር ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ጥሩወርቅ ማዕድ ቤት ቆማ ሳህን ታጥባለች። ውኃውን እስከ መጨረሻው ከፍታዋለች፣ ሳህኑ ግን አንድ ነው። ከጀርባዋ ትከሻዋን አየሁት። ለእሷም እኮ እታለም አክስቷ ናት። አዝላታለች፣ ሹሩባ ሠርታላታለች። ከእኔ የምትደበቅበት የውኃ ቧንቧ ነው ያላት፣ እኔ ከእሷ የምደበቅበት ሎንደሪ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንተም ፍረደኝ ደብተር።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ጥሩወርቅም ብርሃኑም ሥራ ገቡ። ብቻዬን ነኝ።

ስለ እታለም አንድ ነገር ልጻፍ። መኪና ትፈራ ነበር። ሰይጣን ነው የሚገፋው ትላለች። እኔ አዲስ መኪና የተረከብኩ ጊዜ፣ ወንድሜ የሚነዳው ከሆነማ ብላ፣ አ.አ. ድረስ ልሂድ አለች። ጋቢና አስቀመጥኳት። ከደ/ብርሃን እስክንወጣ ዓይኗን ጨፍናለች። ጫጫም ጨፍናለች። ሰንዳፋም ጨፍናለች። አንዴ እንኳ አልከፈተችም፣ ብቻ በየመታጠፊያው ማሙሽ አለህ? ትላለች። አለሁ እላታለሁ። አገር ስትመለስ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፤ ይህን አየሁ፣ ያን አየሁ፣ ተራራው እንዲህ፣ ፎቁ እንዲያ። አንዱንም አላየችም! እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ አላሳጣኋትም።

ዛሬ ሳቅ መጣብኝ። ለብቻ የሚሳቅ ሳቅ ግን መጥፎ ነው።

ጥር 10፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ፀሐይ ወጣች። ሣሩ ታየ። የእዚህ አገር ብርድ ሳይጠራ መጥቶ ሳይሰናበት ይሄዳል።

አስተማርኩ። ሜሮን አልመጣችም። ሆዷን አሟታል አሉ። ስወጣ ወደ ላይ ቀና ብል መስኮታቸው ላይ ቆማለች። እጄን አነሣሁላት። መጋረጃው ወደቀ።

ጥር 11፣ እሑድ፣ ጥምቀት

ነጭ ለበስኩ። ብቀር ይጠረጥራሉ ብዬ ሄድኩ። ያ ሁሉ ሰው ያውቃል። እንዴት እንደማውቅ ልንገርህ? ማንም አልቀለደብኝም። ሁልጊዜ አባባ ሚስት እንፈልግልዎ የሚሉኝ ጎረምሶች ዛሬ ወንበር አመጡልኝ፣ ውኃ አመጡልኝ። ሴቶቹ ከወትሮው አጥብቀው ሳሙኝ። ጉንጫቸው እርጥብ ነው። በዓሉ ነው ያስለቀሳቸው?

አጨበጨብኩ። እልል ሲሉ ፈገግ አልኩ። ቄሱ ጠበሉን ሲረጩ ፊቴ ላይ ወረደ፤ ያን ጊዜ ትንሽ አለቀስኩ። በጠበል መሐል ማን ያውቃል።

ጥር 12፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 12 ሰ.

መኪና ቆመ። ሌላም ቆመ። ደረጃው ላይ ጫማ ይሰማል፣ ቀስ ያለ፣ ተራ የጠበቀ። እነሱ ናቸው። ቆይ ደብተር።

በዚያው ቀን፣ 9 ሰ.

አቶ ኃይሉ፣ ቄሱ፣ ሁለት ሌሎች፣ ከኋላ ወ/ሮ አስቴር። ብርሃኑ ከአጠገቤ ቆመ፣ ሊይዘኝ። የቆመበት ቦታ ልክ አይደለም፣ በግራ ነው የሚቆመው።

አቶ ኃይሉ ጀመረ። ደህና ሰው ነው፣ ግን ልጅ ነው፣ አርባ ዓመት አይሞላውም፤ ማንንም አርድቶ አያውቅም። አባባ እንግዲህ የሰው ልጅ... አለ። ቆመ። እንግዲህ ሁላችንም ሟች ነን አለ። ቆመ። ላቡ ይወርዳል፣ ኮፍያውን ይጨምቃል። ቄሱን አየ፣ ቄሱ ጣራውን አዩ። አላስቻለኝም። ተቀመጥ ልጄ አልኩት። እታለም ናት። አውቄአለሁ።

መጀመሪያ የተናገረችው ወ/ሮ አስቴር ናት። ማን ነገረዎት? አለች። ድምፅዋ ስለታም ነው፤ ጥፋተኛ ይፈልጋል።

ሕልም አየሁ አልኩ። መንጋጋዬ ወልቆ መዳፌ ላይ ወደቀ። በሕልም መንጋጋ ጥርስ ሲወልቅ ታላቅ ዘመድ ይሞታል ይባላልና አወቅኩ።

ቄሱ አማተቡ። አቶ ኃይሉ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጥሩወርቅ አክስቴን ብላ ጮኸች፣ ላዬ ላይ ወደቀች። ያኔ ጮኽን። አብረን። ካርቶኑ ግድግዳ ቢፈልግ ይፍረስ። የግቢው ማኔጀር እየሮጠች መጣች፣ ሰው የተገደለ መስሏት። ብርሃኑ በእንግሊዝኛ ነገራት። ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ጥር 16፣ ዓርብ

ሰው መጣ፣ ሄደ። ንፍሮ ተቀቀለ። ከፎርት ዎርዝ መጡ፣ ከሥራ ወጥተው ዩኒፎርማቸውን ሳይቀይሩ መጡ፣ የወሎ እስላሞቹም መጥተው ዱዓ አደረጉልኝ። የሪቻርድሰኑ የተማረ ሰውም መጣ። ጸጥ ያለ ሰው ነው። ትምህርቱን የነገረውም የለ፣ የጠየቀውም የለ፤ ከንቱ ነበር የጠረጠርኩት።

ሕልሙ ግን እግር አወጣ። ብርሃኑ አውሮፕላን ማረፊያው ተራ ላይ ሰምቶት መጣ፤ ጥርሳቸው በሙሉ ረግፎ አደረ ይባላል አለኝ። አንዲት እናት ጉልበቴን ስማ ጸልዩልኝ አለችኝ። አፍሬ እግሬን ሰበሰብኩ።

ትናንት ወ/ሮ አስቴር ምግብ ይዛ መጣች። ሜሮንን አስከትላ። ለልጅቱ አባባ እኮ በሕልማቸው ነው ያወቁት አለቻት፣ የተባረኩ ሰው ናቸው። ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች። እኔ ፊቴን አዞርኩ። አስቴር ድስቱን ይዛ ማዕድ ቤት ስትገባ ልጅቱ ቀረበችኝና፣ እኔ አይደለሁም እንዴ የነገርኩዎት? አለች። ነገርኩዎት አለች፣ ነገርኩህ አላለችም። እንደገና ፊቴን አዞርኩ። እናቷ መጣች፣ ሄዱ። በሩ ላይ አስቴር ልጅቱ እህል አልቀመሰችም ሳምንቱን፣ ምን እንደሆነች አትነግረኝም አለች።

እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅቱ እውነት ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሰ፤ ከዚያ ደግሞ የምታምነው ሽማግሌ አልተናገርሽም አላት። ላድናት ብዬ ውሸታም አደረግኋት፣ ለራሷ።

ዕዳዬ ብዙ ነው። ጥሩወርቅ አባዬ እርስዎ ይረፉ፣ ለሁሉም እኔ እደውላለሁ ትላለች። አይሆንም። ሁሉንም ራሴ ነኝ የምመልሰው።

ደ/ብርሃን ያለችው ጎረቤት። የእታለምን ዓይን የከደነች እሷ ናት አሉኝ። የእዚህ አገር በጋ ሲገባ ራሴ ሄጄ ደጇ ላይ ቆሜ እግዜር ይስጥሽ እላታለሁ። በስልክ አይባልም እሱ።

ሎንደሪ ያለችው ሴት። ስሟን አላውቅም። ምን ብዬ እንደማመሰግናት ብርሃኑን እጠይቀዋለሁ፤ እነዚያን ሰዎች በታክሲው ያመላልስ የለ።

አቶ ኃይሉ። መንጋጋዬ አልወለቀም ልለው ነው። ቄሱም ይስሙ። ያፍሩብኝ።

ወ/ሮ አስቴር። ልጅሽ ማንንም አላሳጣችም፣ እንደ ሰው አዘነችልኝ። ብትቆጫት ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።

ሜሮን። እሷን መጨረሻ ላይ የጻፍኳት ትንሽ ስለሆነች አይደለም፣ ስለከበደኝ ነው። ነገ ከትምህርቱ በፊት በራቸውን አንኳኳለሁ። እናቷ ባለችበት። አዎን ነግረሽኛል እላታለሁ። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው አየዋለሁ።